ሺፍቱን ያዝ!

«ልጄ 11 ዓመቱ ነው። የድሮውን የኮምፒውተር ጌም፣ ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያን፣ ላስጀምረው አስቤ ነበር። አሁንም ይጫወቱታል ወይስ ትዝታ ነው የሚያሳምርብን?» ላልከው ወንድሜ፣ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ሰሞኑን ከእህቴ ልጅ ጋር ይህችኑ ጌም ስንጫወት ስለከረምን ነገሩ ትኩስ ነው።

መጀመሪያ የኔን ላውራህ። 1990 ዓ.ም. ገደማ ይሆናል። እዚሁ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ዶስና ዎርድፐርፌክት (የዚያ ዘመን የኮምፒውተር ማስኬጃና የጽሑፍ ፕሮግራም) ተማሩ ተብለን አንድ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ ተላክን። አስተማሪው ምሳ ሲወጣ ግን ጌሟ ያለችባት አንዲት ፍሎፒ ዲስክ ከኪስ ትወጣለች። ኮምፒውተሩ አንድ፣ እኛ ስድስት። ስለዚህ የኪቦርዱን ቁልፎች ተከፋፈልን። ጓደኛዬ ቀስቶቹን ያዘ፣ እኔ ሺፍትን። የምናጫውተው ልዑል ዘሎ ጠርዙ ላይ የሚንጠለጠለው ሺፍት ከተጫነ ብቻ ነው። ከኋላ የቆሙት «ያዝ! ያዝ!» ይላሉ። ለቅጽበት ከዘገየሁ ልዑሉ ቁልቁል ወርዶ ሹል ብረት ላይ ይሰካል። ከዚያ ጠቡ ይጀመራል። «አንተ ነህ የገደልከው!» እየተባልኩ ነው ቤቴ የምገባው።

ለጥያቄህ መልሱ እዚያ ጠብ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። እርስ በርስ ተጣላን እንጂ ጌሟ አጭበረበረችን ያለ ሰው አላስታውስም። የምትረግጠው ንጣፍ ከመውደቁ በፊት ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅም ያሰማል። መንጋጋ የመሰሉት መቁረጫዎች ሲከፈቱና ሲዘጉ ምታቸው አይለወጥም። ከሞትክ ስላልሰማህ ወይም ስለቸኮልክ ነው።

ሌላው የልዑሉ ክብደት ነው። ሲሮጥ ቆይቶ ቁም ብትለው ወዲያው አይቆምም፤ ተንሸራቶ ነው የሚቆም። ሰፊ ገደል ለመዝለል መንደርደሪያ ይፈልጋል። ጌሟን የሠራት ጆርዳን ሜክነር እ.ኤ.አ. በ1985 ታናሽ ወንድሙን ነጭ ልብስ አልብሶ፣ ሲሮጥና ሲዘል በቪዲዮ ቀርጾ፣ እንቅስቃሴውን ምስል በምስል እየቀዳ ነው የሣለው። ጌሟ እ.ኤ.አ. በ1989 አፕል ቱ ለሚባለው ኮምፒውተር እስክትወጣ አራት ዓመት ገደማ ፈጀባት። የዛሬ ልጅ የምስሉን ጥራት አይቶ ሊስቅ ይችላል። የእህቴ ልጅም ስቋል። ልዑሉ በጣቱ ጫፍ ተንጠልጥሎ ራሱን ወደ ላይ ሲጎትት ግን ዝም አለ።

ከዚያ ሰዓቱ አለ። ሱልጣኑ ጦርነት ሄዷል። አማካሪው ጃፋር ልዕልቲቱን «ወይ አግቢኝ ወይ ሙቺ» ብሎ አንድ ሰዓት ሰጥቷታል። አንተም እሷን ለማዳን ያለህ ያው 60 ደቂቃ ነው። ብትሞት ሌቭሉን እንደገና ትጀምራለህ፣ የሄደው ደቂቃ ግን አይመለስም። እኛ ደግሞ ከጃፋር የባሰ ጠላት ነበረን፤ መብራት። ስንት ጊዜ ልንጨርስ ጥቂት ሲቀረን ድርግም ብሏል መሰለህ። (እኔ እስከ ዛሬ መብራት ሲሄድ እጄ ሺፍት ፍለጋ ይሄዳል ብልህ አትስቅብኝ።)

የምወዳት ግን በጥላው ነው። 4ኛው ሌቭል ላይ አንድ መስታወት መንገድህን ይዘጋል። ተንደርድረህ ሰብረኸው ስታልፍ የገዛ ጥላህ በሌላ በኩል ሮጦ ያመልጣል፣ አንተ በአንድ ነፍስ ትቀራለህ። ቀጥሎ ያለው ሌቭል ላይ መድኃኒትህን ቀድሞህ ይጠጣዋል። ከዚያም በሩን ይዘጋብህና ቁልቁል ትወድቃለህ። የሚገርመው አፈጣጠሩ ነው። ሜክነር የኮምፒውተሩ ሜሞሪ ሞልቶበት አዲስ ገጸ ባሕርይ የሚጨምርበት ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ የራሱን የልዑሉን ሥዕል ትንሽ ለወጥ አድርጎ ጠላት አደረገው። ችግር ነው የወለደው በለኝ።

እኛ ጥላውን እንዴት እንዳለፍነው ልንገርህ። 12ኛው ሌቭል ላይ ሰይፍ መዞ ይጠብቅሃል። በመታነው ቁጥር ነፍሳችን የሚቆጠርበት ቀይ ሦስት ማዕዘን ይጎድላል። እሱን ስንገድል እኛ እንሞታለን። አንድ ቀን ሁለታችን በቁልፉ ስንጓተት ወደ ታች የሚያሳየው ቀስት ተነካ መሰለኝ፣ ልዑሉ ሰይፉን አፎቱ ውስጥ ከተተ። ጥላውም ከተተ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ወደ ፊት ስንሄድ ሁለቱ አንድ ሆኑ። ከዚያ ወዲያ ባዶው ገደል ላይ ስትሮጥ ድልድዩ ከእግርህ ሥር ይመጣል። ያን ዕለት ፋሲል ግቢ አጥር ሥር ቁጭ ብለን እስኪመሽ አወራነው። ያ ጌሟ ውስጥ ያለው እስር ቤት ሁሉ ከግንቡ ሥር አለ ብለን እንምል ነበር እኮ።

እንከንማ አላት። የሰይፍ ፍልሚያው ከዘበኛ ዘበኛ ብዙም አይለይም። ጃፋርም ያን ያህል አስፈሪ አይደለም፤ ያ 6ኛው ሌቭል ላይ ያለው ወፍራም ዘበኛ ይበልጥ ያስጨንቅሃል። ልዕልቲቱም ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፤ የምትሠራው ነገር አይጥ ልካ አንድ በር ማስከፈት ብቻ ነው። ቁልፉ ደግሞ ለዛሬ ልጅ ቶሎ የማይታዘዝ ይመስለዋል። ሁለት ቀን ስጠው።

ለማስጀመር ውድ ላፕቶፕ አያስፈልግህም። የዶሱ ቅጂ የድሮ የዶስ ጌሞችን በሚያስኬደው ዶስቦክስ በሚባል ፕሮግራም አሮጌ ማሽን ላይም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን ባለ ሦስት አቅጣጫ (3ዲ) ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ አታስቀድምበት። ጥሩ ጌም ነው፣ ግን እዚያ ከተሳሳትክ ጊዜን ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። ያንን ከለመደ በዚህኛው አይታገስም።

የእህቴ ልጅ ትናንት ማታ 12ኛው ሌቭል ደረሰ። ጥላውን መታው። ነፍሱ ጎደለች። እንደገና መታው። ዞር ብሎ «ጋሼ፣ ይሄ ተበላሽቷል እንዴ? እሱን እየመታሁ የምቆስለው እኔ ነኝ» አለኝ። ሻዬን አነሳሁና ዝም አልኩ። ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቶት ነበር።