«አይ ወርክ» ወይስ «አይ አም ወርኪንግ»?

እህታችን የጠየቀችው ይሄን ነው፦ «ሲምፕል ፕሬዘንትም (አይ ወርክ) ፕሬዘንት ኮንቲኒየስም (አይ አም ወርኪንግ) ስለ አሁን ካወሩ፣ የቱን መቼ ልጠቀም? ደንቡን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ስናገር ግን ይምታታብኛል።»

አዋቂዎችን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ይሄ ጥያቄ ያልተነሳበት ክፍል ትዝ አይለኝም። የሚያምታታው ደግሞ ደንቡ ራሱ ይመስለኛል። «ናው ካለ ኮንቲኒየስ፣ ኤቭሪ ዴይ ካለ ሲምፕል» ተብለን ነው የተማርነው። ለፈተና ያዋጣል፤ ለንግግር ግን አያዛልቅም። «ናው አይ አንደርስታንድ» ምንም ስህተት የለበትም። ናው አለ፣ ኮንቲኒየስ ግን የለም።

ሰዓቱን ተዪውና ነገሩን እዪው። ተጀምሮ ያላለቀ፣ ለጊዜው የሆነ ነገር ነው? ኮንቲኒየስ። የረጋ፣ የተለመደ ነገር ነው? ሲምፕል። «አይ ሊቭ ዊዝ ማይ ሲስተር» የሚል ሰው ኑሮው እዚያው ነው። «አይ አም ሊቪንግ ዊዝ ማይ ሲስተር» ካለ ግን እህቱ ጋ ለጊዜው ተጠግቷል፤ ምናልባት ቤት እስኪያገኝ። «አይ አም ሪዲንግ ኤ ጉድ ቡክ» የሚለውም መጽሐፉን ቤት ትቶ መንገድ ላይ እያለ ሊለው ይችላል። ጀምሮታል፣ አልጨረሰውም፤ በቃ።

ኖው (ማወቅ)፣ ዋንት፣ ኒድ፣ ላቭ፣ ቢሊቭ የመሳሰሉት ሁኔታን እንጂ ድርጊትን ስለማይናገሩ አብዛኛውን ጊዜ በሲምፕል ይቀራሉ። «አይ አም ኖዊንግ» አይባልም። «ታዲያ ማክዶናልድስ ለምን አይም ላቪን ኢት ይላል?» የሚለኝ ተማሪ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የማስታወቂያ ቋንቋ ነው፤ ወዳጆች ሲጨዋወቱም እንዲህ ይላሉ። ፈተና ላይ ግን አትሞክሪው። ቲንክ ደግሞ ሁለት መልክ አለው። «አይ ቲንክ ሂ ኢዝ ራይት» አቋም ነው፤ «አይ አም ቲንኪንግ አባውት ኢት» ገና እያሰላሰልኩ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ በጣም ሲቸገር የማየው ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ አለባበስና አቀማመጥ ላይ። ክፍል ውስጥ አንድ ፎቶ አሳያለሁ። መነጽር ያደረገች ሴት መስኮት ሥር ተቀምጣለች፣ አጠገቧ ሕፃን ተኝቷል። ግለጹ ስል «ሺ ሲትስ፣ ሺ ዌርስ ግላስስ፣ ዘ ቤቢ ስሊፕስ» ይመጣል። ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። እኛ «ተቀምጣለች፣ አድርጋለች፣ ተኝቷል» ነው የምንለው። ድርጊቱ አልቋል፣ ውጤቱ ቀርቷል። «እየለበሰ ነው» ካልን እጁን እጅጌ ውስጥ እያስገባ ያለ ሰው ነው የሚታየን። እንግሊዝኛ ለዚያኛው «ሂ ኢዝ ፑቲንግ ኢት ኦን» አለው። ለብሶ የቆመውን ሰው ነው «ሂ ኢዝ ዌሪንግ ኢት» የሚለው። ስለዚህ «ሺ ኢዝ ሲቲንግ፣ ሺ ኢዝ ዌሪንግ ግላስስ፣ ዘ ቤቢ ኢዝ ስሊፒንግ» ነው። «ሺ ዌርስ ግላስስ» ብትዪ ስህተት አይደለም፤ ግን የዘወትር መነጽረኛ ናት ማለትሽ ነው። ስለ ፎቶዋ ምንም አልተናገርሽም።

የነገውም ነገር እንዲሁ ነው። «ነገ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ» ብለን ስለለመድን «አይ ጎ ቱ ዘ ዶክተር ቱሞሮው» ይመጣብናል። ቀጠሮ ከያዝሽ «አይ አም ሲኢንግ ዘ ዶክተር ቱሞሮው» በዪ። ሲምፕል ለወደፊት የሚሆነው በፕሮግራም ለተቆረጠ ነገር ነው፦ «ዘ ትሬን ሊቭስ አት ናይን»።

ደንቡን የሚያፈርሱ ሁለት ነገሮች ልጨምርልሽ። የኳስ ጨዋታ በቀጥታ የሚያስተላልፍ ጋዜጠኛ ዓይኑ ሥር የሚሆነውን «ሂ ሹትስ፣ ሂ ስኮርስ» ይላል፤ ምቱ ተናግሮት ሳይጨርስ ያልቃል፣ «እየመታ ነው» ለማለት ጊዜ የለም። በተቃራኒው «ሂ ኢዝ ኦልዌይስ ሉዚንግ ሂዝ ኪይስ» ላይ ኦልዌይስ እያለ ኮንቲኒየስ ገባ። ተናጋሪው ተማሯል። በሲምፕል ቢለው ወሬ ነው፤ በኮንቲኒየስ ሲለው ግን ምሬት አለበት።

ስልክሽ ላይ ካሉት ፎቶዎች አንዱን ምረጪና ማን ምን እንደለበሰ፣ የት እንደቆመ በእንግሊዝኛ ጻፊልኝ። እኔ አየዋለሁ።