ፒስተኑ ከገበያ ለጠፋ አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125

ጥያቄ፦ አባቴ የግብርና ሠራተኛ ሳሉ ይነዱት የነበረውን፣ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ያማሃ ዲቲ 125 ለማስጠገን እየሞከርኩ ነው። ሲሊንደሩ ከዚህ በፊት እስከ መጨረሻው ልክ፣ እስከ 57 ሚሊሜትር ሰፍቷል፤ ፒስተኑ ይንኳኳል፣ በዚያ ልክ ሌላ ማግኘት አልቻልኩም። አንድ ጋራዥ የሌላ ሞተር ሳይክል ፒስተን እንዳስገባ መክሮኛል። ነጭ ጭስ ይበዛዋል፣ የካምቢዮው ዘይትም ይጎድላል። የማስነሻው ፔዳል ደግሞ ጥርሱ ተበልቶ በዘንጉ ላይ ይሽከረከራል።

መልስ፦ ሲሊንደሩን ከማውረድዎ በፊት የጭሱን ምንጭ ይለዩ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይትን ከቤንዚን ጋር ስለሚያቃጥል ጥቂት ሰማያዊ ጭስ ያለ ነው። የካምቢዮ ዘይት እየጎደለ ነጭ ጭስ ሲበዛ ግን የሚጠረጠረው ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ሳይሆን በፍሪሲዮኑ በኩል፣ በኮሎው (ፒስተኑ በሚያዞረው ዘንግ) ቀኝ ጫፍ ላይ ያለው ፓራኦሊዮ (ዘይትና አየር እንዳያልፍ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት) ነው። የግራው ፓራኦሊዮ ሲያረጅ ደግሞ ዘይት ሳይሆን አየር ስለሚያስገባ የቤንዚኑ ቅልቅል ይሳሳል፣ ፒስተኑም ከመጠን በላይ ግሎ ይነክሳል። በብዙ ድካም የተገኘ አዲስ ፒስተን በዚህ ምክንያት ሲቃጠል ማየት ያሳዝናል።

ለማረጋገጥ ካርቡራተሩንና ማርሚታውን አውርደው ሁለቱን ቀዳዳዎች በጎማ ይድፈኑ፤ ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ በኩል በእጅ ፓምፕ 0.4 ባር የሚሆን አየር ይስጡ። ከ0.5 እንዳያልፍ ይጠንቀቁ፣ ደህናውንም ፓራኦሊዮ ሊያስወጣው ይችላል። ግፊቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከወደቀ የሳሙና አረፋ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ይቀቡ፤ የቀኙ ከሆነ አየሩ በካምቢዮው ዘይት መሙያ በኩል ሲወጣ ያገኙታል። ፓራኦሊዮ በሞተር ሳይክሉ ስም ባይገኝ እንኳ የውስጥ ስፋቱን፣ የውጭ ስፋቱንና ውፍረቱን ለክተው ኩሽኔታ ከሚሸጥበት ሱቅ መጠየቅ ይቻላል። ኩሽኔታም እንዲሁ ነው፤ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይዘው ይሂዱ፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ ሲ3 የሚል ምልክት ካለ ግን ያለዚያ ምልክት አይግዙ፤ ሞቆ ለሚሠራ ኮሎ የተተወ ተጨማሪ ክፍተት ነውና።

የሌላ ሞተር ሳይክል ፒስተን ማስገባቱን እኔ አልደግፍም። ስፋቱና የስፒኖቶው (ፒስተኑን ከክንዱ ጋር የሚያያይዘው አጭር ዘንግ) ቀዳዳ ቢስማሙ እንኳ፣ ከስፒኖቶው እስከ ፒስተኑ አናት ያለው ቁመት ከተለየ ወይ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ይመታል ወይ ጉልበት ያጣል። ከዚህ የከፋው ሌላ ነው። የባለ ሁለት ምት ፒስተን ፋሻ እንዳይዞር በጉድጓዱ ውስጥ በትንሽ ፒን ይያዛል፤ የፒኑ ቦታ የተመረጠው የፋሻው ጫፎች በሲሊንደሩ መስኮቶች (ቅልቅሉ በሚገባባቸውና ጭሱ በሚወጣባቸው ቀዳዳዎች) ላይ እንዳያልፉ ነው። ፒኑ ሌላ ቦታ ላይ ያለ ፒስተን ሲገባ የፋሻው ጫፍ መስኮቱ ውስጥ ገብቶ ይሰበራል፣ ስብርባሪውም ሲሊንደሩን ይቦጭቀዋል።

ስለዚህ 57 የሚሆን ፒስተን መፈለግዎን ትተው ሲሊንደሩን በአዲስ ካሚቻ (ሲሊንደሩ ውስጥ በሚገባ የብረት ቱቦ) ወደ መነሻ ልኩ፣ ወደ 56 ሚሊሜትር እንዲመልሱት እመክራለሁ። ከሁሉም ልኮች በቀላሉ የሚገኘው ይኸው ነው፣ ወደፊትም ደረጃ በደረጃ ለማስፋት ቦታ ይኖርዎታል። ፒስተኑን አስቀድመው ገዝተው ለባለ ቶርኖው ያስረክቡ፤ ካሚቻው መሞረድ ያለበት ፒስተኑ ከስፒኖቶው ጋር በሚሻገር አቅጣጫ፣ ከታችኛው ጠርዙ ከፍ ብሎ ተለክቶ፣ በመመሪያው መጽሐፍ የተሰጠውን ክፍተት ጠብቆ ነው።

የሥራው ከባዱ ክፍል መስኮቶቹ ናቸው። አሮጌው ካሚቻ ከመውጣቱ በፊት ወፍራም ወረቀት ጠቅልለው ሲሊንደሩ ውስጥ ያስገቡ፣ የወረቀቱን ጠርዝ ከሲሊንደሩ አፍ ጋር ያስተካክሉና በአውራ ጣትዎ የእያንዳንዱን መስኮት ጠርዝ እየተጫኑ ቅርጹን ያስቀሩ። ወረቀቱ ሲዘረጋ የመስኮቶቹን ቁመትና ርቀት የያዘ ካርታ ይሆናል፤ አዲሱ ካሚቻም በእርሱ ይቆረጣል። በተለይ የጭስ መውጫው የላይኛው ጠርዝ አንድ ሚሊሜትር እንኳ ከፍ ካለ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር የሚሰጠውን ጉልበት ይቀንሳል፣ ይህ ደግሞ ለገጠር መንገድና ለዳገት ዋናው ነገር ነው። ካሚቻው ከተሞረደ በኋላ የመስኮቶቹ ስለታም ጠርዝ በሙሉ በጥንቃቄ ሊለዝብ ይገባል፤ አለዚያ ፋሻው እየተጋጨ ይሰበራል። ብዙ ባለ ቶርኖዎች የሚሠሩት የመኪና ሲሊንደር ስለሆነ ይህን ካልነገሯቸው ይዘሉታል፤ ሲረከቡ ጣትዎን አስገብተው ይዳስሱት።

የማስነሻውን ፔዳል በተመለከተ፣ በዘንጉ ላይ እንዲበየድልዎ በፍጹም አይፍቀዱ፤ የቀኙ ክዳን ሁለተኛ አይከፈትም፣ ሙቀቱም የዘንጉን ፓራኦሊዮ ያቃጥለዋል። መጀመሪያ በፔዳሉ ራስ ላይ ያለውን፣ ቡሎኑ የሚያጠብቀውን ስንጥቅ ይመልከቱ። ሁለቱ ከንፈሮች ተገናኝተው ከሆነ ቡሎኑ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ዘንጉን መጨበጥ አይችልም፤ ስንጥቁን በብረት መጋዝ ጥቂት ማስፋት ብቻውን ችግሩን ሊፈታው ይችላል። የፔዳሉ ጥርስ ፈጽሞ ካለቀ፣ ከዘንጉ ጥርስ ጋር የሚገጥም የሌላ ፔዳል ራስ አስቆርጠው፣ ፔዳሉ ከሞተሩ ወጥቶ ሳለ በእርስዎ ፔዳል ክንድ ላይ ያስበይዱት።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ሞተሩን አሙቀው ያጥፉት፤ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ የቴስታታውን ዳዶዎች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል እንደገና ያጥብቁ። በመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎሜትሮች ጋዙን ከግማሽ በላይ አይክፈቱ፣ በረዥም ቁልቁለትም ጋዙን ፈጽመው ዘግተው አይውረዱ፤ ጋዙ ሲዘጋ ከቤንዚኑ ጋር ዘይቱም ይቀንስበታል።