መልስ፦ ሳይክሌ ቢሰረቅ እንዲገኝ የት ላስመዝግበው?

ወንድሜ፣ ጅማ ውስጥ ለልጅህ የገዛኸውን ሳይክል የት እንደምታስመዘግብ ጠይቀሃል። ከሁሉም በፊት የሳይክሉን መለያ ቁጥር ያዝ። ሳይክሉን ገልብጠህ ፔዳሎቹ የሚገናኙበትን ብረት ከሥሩ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው፤ በተለይ በክረምት የጅማ ጭቃ ይሸፍነዋል። አብዛኛውን ጊዜ የተቀረጸው ቁጥር እዚያ ነው። ካጣኸው መሪው የሚገባበትን ቱቦ እይ። ፎቶ አንሳው፣ በእጅህም ጻፈው፤ ሙሉ ሳይክሉንም ከነጭረቱና ከነተቀየረው ኮርቻ አንሳ።

ደረሰኝ ካለህ ቁጥሩ እንዲጻፍበት ሱቁን ጠይቅ። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ የሰፈረበት የሽያጭ ውል ከምስክሮች ጋር ያዝ። ይህ በጣም አስፈላጊ ነው፤ ሳይክሉ ተይዞ ቢገኝ እንኳ ያለ ማስረጃ «የኔ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም። ቁጥሩ የተፋቀ ሳይክል በርካሽ ቢያቀርቡልህ በፍጹም አትግዛ፣ የሌላ ልጅ ሊሆን ይችላል።

በኢንተርኔት ባይክ ኢንዴክስ የሚባል ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ነጻ መዝገብ አለ። የትም አገር ያለ ሳይክል ይመዘገብበታል፤ ገዢም ቁጥሩን አስገብቶ የተሰረቀ መሆኑን ማየት ይችላል። የት እንዳለ ግን አይጠቁምህም።

ከተሰረቀ በዚያው ቀን ቁጥሩንና ፎቶውን ይዘህ ፖሊስ ጣቢያ አመልክት። ከዚያ ፎቶውን ለሳይክል ጠጋኞችና ያገለገለ ለሚሸጡ አሳይ፤ የተሰረቀ ሳይክል በእነሱ እጅ ሊያልፍ ይችላል። ካየኸው ብቻህን ለመንጠቅ አትሞክር፣ ፖሊስ ጥራ።