ለብቻችሁ ሆንግ ኮንግ ስትደርሱ፦ ስለ መጀመሪያው ቀን

ውድ ወጣቶች፣

ለሥራም ይሁን ለትምህርት፣ ወይም አገር ለማየት ብቻ፣ ለብቻችሁ ወደ ሆንግ ኮንግ ለመሄድ የተነሣችሁ አንዳንዶቻችሁ በመጀመሪያው ቀን ምን ብታዩ እንደሚሻል ጠይቃችሁኛል። ዕድሜዬን በመንገድ መሐንዲስነት ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ መልሴ የጉብኝት መጽሐፍት ከሚሰጡት ይለያል፤ የመጀመሪያውን ቀን ለባሕሩ ስጡት፣ ሌላው ይቆያችሁ እላለሁ።

ይህን የምለው ራሴ ተሳስቼ ስላየሁት ነው። ከሰላሳ ዓመት በፊት ለስብሰባ ስሄድ የሚጎበኙ 11 ቦታዎችን በማስታወሻዬ መዝግቤ ነበር። በአንዱ ጣቢያ ወደ ምድር ውስጥ ባቡር እገባለሁ፣ በሌላው እወጣለሁ፣ አንድ ሕንፃ አይቼ ተመልሼ እወርዳለሁ። ሲመሽ ሰባቱን ጨርሼ ነበር፤ ይሁን እንጂ ባሕሩ በየት በኩል እንደሆነ ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ፈጣኑ ባቡር በ24 ደቂቃ ያህል መሃል ከተማ ያደርሳችኋል። ካልቸኮላችሁ ግን ባለ ሁለት ፎቁን አውቶቡስ ያዙና ከላይኛው ፎቅ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተውን፣ በሁለቱ ማማዎች መካከል 1,377 ሜትር የሚዘረጋውን የጺንግ ማ ድልድይ ትሻገራላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ የኮንቴይነር ወደቡን ክሬኖች ስታዩ ከተማዋ በምን እንደኖረች ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል። ኦክቶፐስ የሚባለውን የክፍያ ካርድ እዚያው ማረፊያው ላይ ግዙ፤ ለአውቶቡሱም፣ ለባቡሩም፣ ለጀልባውም ያገለግላል።

ዕቃችሁን አሳርፋችሁ ጺም ሻ ጹይ ወደሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር ውረዱ፤ ስሙ በእኛ ጆሮ ጺም ስለሚያስታውስ አይጠፋችሁም። በውኃው ዳር 44 ሜትር ከፍታ ያለው የሰዓት ማማ ብቻውን ቆሞ ታገኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1915 ተሠርቶ ያለቀ ሲሆን፣ ወደ ቻይናዋ ከተማ ወደ ካንቶን ይሄድ የነበረው ባቡር ጣቢያ አካል ነበር፤ ጣቢያው በ1978 ፈርሶ ማማው ቀረ። የባቡር ጣቢያ ከባሕር ዳር ምን ያደርጋል ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ከአጠገቡ ካለው የጀልባ መሳፈሪያ ላይ አለ፤ ከባቡር የወረደ መንገደኛ ጉዞውን የሚቀጥለው በውኃ ነበርና። በዚህ ወደብ ላይ የስታር ፌሪ ጀልባ አገልግሎት የተጀመረው በ1888 ነው፤ በባሕሩ ሥር ለመኪና የሚሆን የመጀመሪያው ዋሻ የተከፈተው ግን በ1972 ብቻ ነው።

በዚህ ጀልባ ተሻገሩ፤ ማቋረጡ ከአሥር ደቂቃ አያልፍም። ማዶ ሴንትራል ወደሚባለው መሃል ከተማ ስትደርሱ ከመሳፈሪያው ተነሥታችሁ ወደ ተራራው አቅጣጫ በእግር ሂዱ፤ እ.ኤ.አ. ከ1904 ጀምሮ የሚሠራውን የትራም ሐዲድ ትሻገሩና ኩዊንስ ሮድ ላይ ትቆማላችሁ። በ1840ዎቹ የባሕሩ ጠርዝ እዚህ ነበር። ከመሳፈሪያው እስከዚህ የተራመዳችሁበት ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መሬት በሙሉ፣ ረጃጅሞቹን ሕንፃዎች ጨምሮ፣ ባሕር ተሞልቶ የተገኘ ነው። በሙያዬ ብዙ ሙሌት ሠርቻለሁ፤ በአንድ አካሄድ የከተማን ታሪክ በእግር የሚያስለካ ሙሌት ግን ሌላ አላየሁም።

ከዚያ በላይ ወደ ዳገቱ የሚወጣው ተንቀሳቃሽ ደረጃ አለ፤ ርዝመቱ ከ800 ሜትር በላይ ነው። የተከፈተው በ1993 ሲሆን፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ወደ ታች፣ ከዚያም እስከ እኩለ ሌሊት ወደ ላይ ይሄዳል፤ የተሠራው ከላይ የሚኖሩት ሰዎች ወደ ሥራቸው እንዲወርዱበት ስለሆነ በማለዳ የሄደ ጎብኚ ዳገቱን በራሱ እግር ይወጣል። ሁሉም የሚመክራችሁን የቪክቶሪያ ተራራ ጫፍ ግን ለሌላ ቀን አቆዩት። ከላይ የምታዩት ውብ ነው፤ ታች ሆኖ ላልረገጠው ሰው ግን ከፖስት ካርድ አይለይም።

ለብቻ መብላት ለሚያሳቅቃችሁ፣ ቻ ቻን ቴንግ በሚባሉት ተራ ምግብ ቤቶች ከማያውቁት ሰው ጋር አንድ ጠረጴዛ መጋራት የተለመደ ነው፤ ማንም ቀና ብሎ አያያችሁም። የሆቴላችሁን አድራሻ በቻይንኛ አስጽፋችሁ ያዙ። በሞቃቱ ወራት፣ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያው ቁጥር 8 ከደረሰ ከተማው ሥራ ስለሚያቆም፣ ጀልባውም ስለሚቆም፣ ከማደሪያችሁ አትውጡ።

እኔ በዚያ ምሽት መንገዴ ጠፍቶብኝ ሴንትራል መሳፈሪያ ላይ የደረስኩት በአጋጣሚ ነው፤ ያ መሳፈሪያ ዛሬ የለም፤ ባሕሩ እንደገና ሲሞላ በ2006 ወደ ፊት ተዛውሯል። ጀልባው ውስጥ ገብቼ ባገኘሁት ወንበር ተቀመጥኩ። ስንነሣ ፊቴ ወደ ተነሣንበት ዳርቻ፣ ጀርባዬ ወደ ምንሄድበት ነበር። አጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ በእጃቸው ተነሥ አሉኝ፤ የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ወደ ሌላው ጎን ገለበጡት። ጀልባው ሁለቱም ጫፎቹ ፊት ስለሆኑ አይዞርም፤ የሚዞረው ወንበሩ ነው። እንደገና ተቀመጥኩ፤ ባሕሩም ከፊቴ ነበር።