መልስ፦ ጀርመን ያለው ገዢ የአባቴን የቡና ማሳ ጂፒኤስ ጠየቀኝ፣ ምን ልላክለት?

አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ብቻ ይበቃል። ማሳው 1.5 ሄክታር ነው ብለሃል። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ሕግ የወሰኑን ዙሪያ የሚጠይቀው ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ነው። ስለዚህ "ቀያሽ ቅጠር" ያለህን ሰው አትስማው፤ ብርህን ያዝ።

እንዲህ አድርግ፦

1. ማሳው መሃል ግባ። ጥላ ዛፍ ሥር ሳይሆን ሰማይ የሚታይበት ቦታ ቁም። የስልክህን ሎኬሽን ክፈትና ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቅ። ኔትወርክ ባይኖርም ጂፒኤሱ ይሠራል።

2. ቦታውን የሚያሳዩትን ሁለቱን ቁጥሮች (ኬክሮስና ኬንትሮስ) ገልብጥ። ከአስርዮሽ ነጥቡ በኋላ 6 አሃዝ ይኑራቸው። ይርጋጨፌ ዙሪያ የመጀመሪያው በ6፣ ሁለተኛው በ38 ይጀምራል። ቦታ ካቀያየርካቸው ማሳችሁ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ይወድቃል።

3. የይዞታ ደብተሩን ፎቶ አንስተህ አብረህ ላክ። ቡናው ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ በኋላ በተመነጠረ ደን ላይ እንዳልተተከለም ጻፍለት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ማኅበራችን ውስጥ ስንመዘግብ ብዙ ገበሬዎች ስብሰባ ላይ ስለተገኙ እዚያው ቢሮው በር ላይ ነጥብ ያዝንላቸው። ገዢው ካርታ ላይ ሲያየው የሁሉም ማሳ አንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ተደራርቧል። መዝገቡን በሙሉ መለሰው። የለቀማ ሰሞን ነበር፤ በጭቃ ማሳ ለማሳ ዞረን እንደገና ሠራን። ሰዎቹ ገንዘባቸውን ሲጠብቁ ከረሙ፣ እስካሁን ያሳዝነኛል።

የጎረቤት ቡና ከእናንተ ጋር አብሮ የሚጫን ከሆነ ደግሞ የእሱም ማሳ የራሱ ነጥብ ያስፈልገዋል።