ስለ አባትዎ ቤት፦ ከልስኑ በፊት ማህደሩ

ባሕር ዳር ጊዮርጊስ አካባቢ፣ ወደ ሐይቁ በሚያወርደው መንገድ ላይ ያለውን፣ አባትዎ በንጉሡ ዘመን ያሠሩትን ባለ በረንዳ የጭቃ ቤት አፍርሰው በብሎኬት ከመሥራት ይልቅ አድሰው ማቆየት እንደሚፈልጉ ገልጸው፣ በቅርስነት ማስመዝገብ ይቻል እንደሆነና ከየት መጀመር እንደሚገባ ጠይቀዋል። እኔ በዚሁ ከተማ የአያቴን ቤት ከመፍረስ ያተረፍሁ በመሆኔ፣ ከእኔ በፊት የመለሱት ሰዎች «አይሞክሩት» ማለታቸውን አልቀበልም። ይቻላል። ካርታ፣ የግብር ደረሰኝና ከፍርድ ቤት የተሰጠ የወራሽነት ማስረጃ በእጅዎ እንዳለ ቆጥሬ ከዚያ ወዲያ ያለውን ብቻ እነግርዎታለሁ።

1ኛ፦ ግቢው በሙሉ የእርስዎ መሆኑን ያረጋግጡ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ በእኛ ሰፈር ዋናው ቤት ለባለቤቱ ቀርቶ ይከራይ የነበረው ሰርቪስ የቀበሌ የሆነበት ግቢ ጥቂት አይደለም። የእርስዎም እንደዚያ ከሆነና ሁለቱ አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ከሆነ፣ የተከራዩንና የቀበሌውን ስምምነት በጽሑፍ ሳይዙ ምንም ነገር አይንኩ።

2ኛ፦ ማመልከቻው ላይ «ቤቱ ጥንታዊ ነው» ብለው አይጻፉ፤ ማንም አያነብልዎትም። ቤቱን ከከተማው ታሪክ ጋር ያያይዙት። በጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ውስጥ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በካቶሊካዊው የኢየሱሳውያን ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እንደተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ሕንፃ አለ፤ የሰፈሩ ዕድሜ ቢያንስ እስከዚያ ይደርሳል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ትንሽ የሐይቅ ዳር መንደር የነበረው ቦታ ወደ ከተማነት መለወጥ ጀመረ። በ1950ዎቹ ደግሞ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተተከለ፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊ ቴክኒኩ ተከፈተ፣ ጀርመናዊው ማክስ ጉተርም የከተማውን ማስተር ፕላን አዘጋጀ። የአባትዎ ቤት የዚያ ዘመን ምስክር ነው፤ ለፋብሪካና ለትምህርት ከየአቅጣጫው የመጣው ሰው ያደረው ዛሬ ፎቶ በምንነሣባቸው ዘንባባማ ጎዳናዎች ላይ ሳይሆን ከጎዳናዎቹ ጀርባ ባሉት የጭቃ ቤቶች ውስጥ ነበር። እኔ ይህንኑ በሁለት ገጽ ጽፌ፣ የቤቱን ልክና ፎቶግራፍ፣ የዋንዛ መዝጊያዎቹንና የበረንዳውን ቋሚዎች ሳይቀር ለይቼ በማያያዝ አቀረብሁ።

ያቀረብሁበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም። የተቀበለኝ ባለሙያ ፎቶግራፎቹን ከፖስታው እንኳ ሳያወጣ፣ «ይኼ ቆርቆሮ ክዳን የጭቃ ቤት ነው፤ ቅርስ ከፈለጉ ጎንደር ይሂዱ» አለኝ። አጠገቡ የተቀመጡትም ሳቁ። ንግግሩ እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ሰውየው የሚሠራበትን ሕግ አያውቀውም ነበር። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚመዝነው በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል፣ በኪነ ጥበብና በእደ ጥበብ ይዘቱ እንጂ በድንጋይና በጭቃ አይደለም፤ ቅርስ በግለሰብ ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችልም ይቀበላል። በሚቀጥለው ቀጠሮዬ የአዋጁን ቅጂ ይዤ ሄጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁለት። ከዚያ በኋላ በአክብሮት ያናግረኝ ጀመር። እርስዎም የአዋጁን ቅጂ ሳይዙ አይሂዱ፤ ነገር ግን እዚያው አዋጅ ላይ ባለቤቱ ቅርሱን በራሱ ወጪ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበትና ያለ ፈቃድ የጥገና ሥራ ማካሄድ እንደማይችል መጻፉንም አስቀድመው ለእኅት ወንድሞችዎ ያስረዱ። የአሉሚኒየም መስኮት የሚያልም ወራሽ በመካከላችሁ ካለ ጉዳዩ ቢሮ ሳይደርስ ቤት ውስጥ ይሞታል።

3ኛ፦ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ከባህልና ቱሪዝም በኩል ቤቱ ታሪካዊ ዋጋ እንዳለው የሚገልጽ ደብዳቤ ቢያገኙ ሥራው ያለቀ አይምሰልዎት። ደብዳቤውን የሚጽፈው አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ የሚያፈርሰው፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠውና መንገድ የሚያሰፋው ደግሞ ሌላ። ሁለተኛው መሥሪያ ቤት የሚያየው የእርስዎን የይዞታ ማህደር ብቻ ነው። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ መምህር እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ከእኔ ቀድመው አግኝተው፣ በመስተዋት አስገብተው ሳሎናቸው ውስጥ ሰቅለውት ነበር። የመልሶ ማልማት ልኬታ ሲመጣ ቀያሾቹ የያዙት ዝርዝር ላይ የእሳቸው ቤት የተመዘገበው «ያረጀ የጭቃ ቤት» ተብሎ ነው። ደብዳቤውን ከግድግዳ አውርደው ይዘው ቢሮጡም ኃላፊው «በማህደሩ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ እኔ አላውቀውም» ብሎ መለሳቸው። ካሣቸውን ተቀብለው ቤቱ ፈረሰ። በቦታው በተሠራው ግንብ ላይ ያረፈው የፎቶ ቤት ማስታወቂያ ዛሬም በዚያ ሳልፍ ዐይኔን ይቆጠቁጠዋል።

እኔን ያዳኑኝ በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት አገልግለው ጡረታ የወጡት አክስቴ ናቸው። ደብዳቤው በእጄ በገባ ዕለት ቡና እንኳ ሳያጠጡኝ ወደ ማዘጋጃ ቤት መልሰው ሰደዱኝ። እንዳዘዙኝም ዋናውን በሸኚ ደብዳቤ ገቢ አስደረግሁ፤ ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን አስደረግሁ፤ ከዚያም ማህደሩ ወጥቶ የገጽ ቁጥር ተሰጥቶት ሲታሰር ቆሜ አየሁ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ «አምነው ይሂዱ እንጂ፣ እኛ እናስገባዋለን» ስትለኝ፣ በትሕትና «ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ» አልኋት። ተቆጣች። እኔም ጠበቅሁ። ቀያሾቹ ወደ እኛ በር ሲመጡ የገጽ ቁጥሩን ነገርኋቸው፤ ሄደው አዩት፤ የአያቴ ቤትም ከዝርዝሩ ወጣ። እርስዎም የገጹን ቁጥር በስልክዎ ላይ ሳይሆን በካርታዎ ቅጂ ጀርባ ይጻፉት።

4ኛ፦ ስለ እድሳቱ። ከአዲስ አበባ ወንድሜ የላከው ሥራ ተቋራጭ፣ ፈቃዱ እስኪመጣ እንኳ ሳይታገሥ፣ ወደ ሐይቁ የሚመለከተውን ግድግዳ በሲሚንቶ ለሰነው። በዓመት በአማካይ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚጥልበት፣ የከርሰ ምድር ውኃውም ቅርብ በሆነበት ከተማ የጭቃ ግድግዳ የያዘውን እርጥበት መተንፈስ ካልቻለ ይበሰብሳል። ክረምቱ ሲወጣ ልስኑን በጣቴ ሳንኳኳው ባዶ ቆርቆሮ ይመስል ጮኸ። አንዱን ቁራጭ በቢላዋ ስናነሣው ከጀርባው ያለው ጭቃ ዱቄት ሆኖ ፈሰሰ፤ የቋሚዎቹ እግር ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ በምስጥ ተበልቶ፣ ማገሩ በእጅ ይቆረስ ነበር። የሌሎቹ ሦስት ግድግዳዎች የባሕር ዛፍ ቋሚ ግን ከአያቴ ዘመን ጀምሮ ደኅና ነው። ለዚያ አንድ ግድግዳ ያወጣነው ገንዘብ ለቀረው ቤት ሁሉ ካወጣነው በለጠ፤ ወንድሜም እስከ ዛሬ ድረስ ጥፋቱን የሚያደርገው በሲሚንቶው ጥራት ላይ ነው።

ስለዚህ ጭቃውን በጭቃ ይጠግኑ። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ቀናት መቡካት አለበት፤ የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ሳይሰነጣጠቅ ሁለተኛው አይደረብም፤ የመጨረሻው በእበት ከተለሰነ በኋላ ኖራ ይቀባል። የግድግዳው እግር ዙሪያ በጥቁር ድንጋይ ከፍ ይበል፤ የጣራው ክፈፍ የሚያወርደው ውኃም በቦይ ወደ መንገዱ ይውጣ። ይህን የሚያውቁ ግንበኞች አሁን ጥቂቶች ናቸው፤ የእኔን ቤት የሠሩትን አዛውንት ከፈለጉ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝና አገናኛችኋለሁ። ከግንቦት በኋላ የሚጀመር ሥራ ግን አይቀበሉም፤ ፈቃዱን እስከ ታኅሣሥ ጨርሰው ጥር ላይ ቢጠሯቸው ምርጊቱ ከዝናቡ በፊት ይደርቅልዎታል።