ለቅሶ ልድረስ ወይስ ክፍል ልግባ?

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበቱ?

የ41 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በወጣትነቴ በአካውንቲንግ ዲፕሎማ ይዤ እስከ ዛሬ በዚያው ሥራ ላይ አለሁ፤ አሁን በአንድ የግል ድርጅት ነው የምሠራው። እድገት ሲወጣ ግን ሁልጊዜ ዲግሪ ይጠየቃል። ሥራ ያስለመድኳቸው ልጆች አለቃ ሆኑብኝ። ስለዚህ እዚሁ ከተማ በኤክስቴንሽን ተመዘገብኩ። የምንማረው ቅዳሜና እሁድ ነው። አሁን ሁለተኛ ዓመት ደርሻለሁ።

ትምህርቱን እወደዋለሁ። የቸገረኝ ቀኑ ነው። በሰፈራችን ሁሉም ነገር የሚደረገው ቅዳሜና እሁድ ነው፤ ሰርጉ፣ ክርስትናው፣ ማኅበሩ፣ የእድር ስብሰባው። ለቅሶ ደግሞ ቀን አይመርጥም። በሴቶች እድራችን ስም ሲጠራ የለሁም። ቅጣቱን እከፍላለሁ፤ እሱ አይደለም የከበደኝ። በቅርቡ የጎረቤቴ እናት አረፉ፤ ቀብሩ ቅዳሜ ሆነ። እኔ ሚድ ነበረኝ። ተፈትኜ ማታ ስሄድ ጎረቤቴ ፊቷን አዞረችብኝ። ለካ "ሥራ በዝቶብኝ ነው" እያልኩ ስከርም፣ በሰፈሩ ብር አሳዳጅ ተብያለሁ። መማሬን ማንም አያውቅም። ካልተሳካልኝ መሳቂያ እሆናለሁ ብዬ ደብቄዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ አንዱን ቅዳሜ ክፍል፣ አንዱን ቅዳሜ ሰፈር ማለት ጀመርኩ። ኮስት አካውንቲንግ ላይ ዲ መጣብኝ። አብረውኝ የሚማሩት ከትልቁ ልጄ ብዙም አይበልጡም፤ "ማዘር" ይሉኛል። የቡድን አሳይመንቱን በቴሌግራም እኩለ ሌሊት ላይ ነው የሚሠሩት። ባለቤቴ አይከለክለኝም፤ ግን "ይሄ ሁሉ ድካም አሁን ለምንሽ ነው?" ይለኛል። ላቋርጠው ነው መሰለኝ። ምን ይመክሩኛል?

ቅዳሜን ያጣሁት፣ ከሐዋሳ

* * *

እህቴ፣

እንዳታቋርጪ። ይህን አስቀድሜ የምልሽ ደብዳቤሽ ውስጥ ትምህርቱ ከአቅሜ በላይ ሆነ የሚል አንድም ነገር ስላላገኘሁ ነው። ዲው የመጣው ግማሹን ክፍል ስለቀረሽ ነው። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ መደበቅሽ ነው።

እስቲ በጎረቤትሽ ቦታ ሆነሽ አስቢው። እናቷን ቀብራለች። ድንኳን ውስጥ ዓይኗ ሰው ይፈልጋል። የቅርብ ጎረቤቷ የለችም፤ የሰማችው ምክንያት ደግሞ "ሥራ" የሚል ነው። ቢከፋት አይፈረድባትም። ፈተና ላይ መሆንሽን ብታውቅ ግን ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ሰፈራችን ለሚማር ሰው ያለውን ክብር አንቺም ታውቂያለሽ። ልጅ ለፈተና ሲወጣ ከበር እስከ በር "ይቅናህ" እየተባለ ነው የሚሸኘው። አንቺ ይህን ምርቃት ለራስሽ ከለከልሽው።

ስለዚህ ሄደሽ ንገሪያት። በስልክ አይሁን፤ ቤቷ ሂጂ፤ ቡና ይዘሽ። "ያን ቀን ፈተና ላይ ነበርኩ፤ አፍሬ ሳልነግርሽ ቀረሁ፤ ይቅር በይኝ" በያት። መሳቂያ እሆናለሁ ያልሽውን ተዪው። አንዳንድ ሰው ያወራ ይሆናል። ብዙው ግን ያግዝሻል፤ አንዳንዷም "እኔስ ብማር?" ብላ ልትጠይቅሽ ትመጣለች።

ቀጥሎ የእድሩን ሰብሳቢና ጸሐፊ አነጋግሪ። መተዳደሪያ ደንቡ ቤተሰብ በወኪልነት እንዲገኝልሽ ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቂ። ካልፈቀደም እስክትመረቂ ድረስ እንዲያስቡልሽ ለምኚ። ባዶ እጅሽን ግን አትሂጂ። አንቺ የሂሳብ ሰው ነሽ። በብዙ እድር የወር መዋጮው፣ ቅጣቱ፣ የድንኳንና የወንበር ኪራዩ በአንድ የተጎሳቆለ መዝገብ ነው የሚያዘው፤ በዓመቱ መጨረሻ ሂሳብ ሲታይ ጭቅጭቅ ይነሳል። "ቅዳሜ መገኘት አልችልም፤ መዝገቡን ግን በሳምንቱ መሃል ማታ ማታ እኔ ልያዝላችሁ" በያቸው። ይህን የሚገፋ እድር ያለ አይመስለኝም። ምጣድ ዳር ባትገኚም ከእድሩ አልራቅሽም።

የትኛው ለቅሶ ይቅር፣ የትኛው አይቅር የሚለውን እኔ እንዲህ ነው የማየው። የወንድም፣ የአክስት፣ የቅርብ ጎረቤት ቀብር ከሆነ ክፍሉን ተዪና ሂጂ። ቀኑ የፈተና ቀን ከሆነም ከፈተናው በፊት ለመምህሩ ተናገሪ፤ ማካካሻ ፈተና ያለማስረጃና ያለ ቅድሚያ ማሳወቅ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ራቅ ላለው ሰው በዚያው ቀን ማታ ወይም በሰልስቱ ድረሺ። ሰዉ ከተበተነ በኋላ መጥቶ አብሮ ያመሸ ሰው እንደማይረሳ ሐዘን የደረሰበት ሁሉ ያውቃል። ሰርግና ክርስትና ላይ ደግሞ ባለቤትሽ ቤቱን ወክሎ ይሂድ። ለታኅሣሥ ገብርኤል እንግዳ ቤትሽ የሚያርፍ ከሆነም፣ እንደ ሐዋሳ ሰው ሁሉ፣ ልጆቹ ደርሰዋልና መስተንግዶውን ከእነሱ ጋር ተካፈሉት።

ባለቤትሽ "ለምንሽ ነው?" ያለው ሊያንቋሽሽሽ አይመስለኝም፤ ድካምሽን እያየ ነው። ቁጭ ብለሽ በቁጥር መልሺለት። ዲግሪ ያለው ሰው እናንተ መሥሪያ ቤት ስንት ያገኛል፣ ክፍያው በስንት ጊዜ ይመለሳል፣ አብራችሁ አስሉት። ይህንንም ጨምሪለት፦ አንቺ ዲፕሎማሽን ከያዝሽ በኋላ ሙያው ራሱ ተለውጧል። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ ድርጅቶች ሪፖርታቸውን በዓለም አቀፉ ደረጃ፣ አይኤፍአርኤስ በሚባለው፣ ወደ ማዘጋጀት እየተሸጋገሩ ነው። ያን ጊዜ የተማርሽው ብቻ ለቀጣዩ የሥራ ዘመንሽ አይበቃም። ገና ብዙ ዓመት ትሠሪያለሽ።

ስለ ክፍሉ ብዙ አልልም። "ማዘር" የሚሉሽ በአክብሮት ነው፤ ተቀበያቸው። የቡድኑን ሥራ ግን እኩለ ሌሊት ድረስ አትጠብቂ። እሁድ ከክፍል በኋላ አንድ ሰዓት እዚያው ግቢ ውስጥ ቁጭ እንዲሉ ጠይቂያቸው። እነሱ ፔይሮልን፣ የደመወዝ ሂሳቡን፣ የሚያውቁት ከሃንድአውት ነው፤ አንቺ በየወሩ ትሠሪዋለሽ። የምሳሌውን ክፍል እኔ ልሥራ በያቸው፤ እነሱ ደግሞ ስታትስቲክሱን ያስረዱሽ።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ኮርስ ቀንሺ። አንድ ዓመት ዘግይቶ መመረቅ ከማቋረጥ ይሻላል። ዲ ያገኘሽበትን ኮርስ መድገም ይቻል እንደሆነ ሬጅስትራርን ጠይቂ፤ ለመመረቅ ጠቅላላ ውጤትሽ ከ2.00 መውረድ የለበትም። ለፋይናል ሰሞን የዓመት ፈቃድሽን አስቀምጪ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመት አገልግሎት አንድ ቀን ይጨመራል። ከአለቃሽ ጋር ተስማምተሽ ለሁለት ብትከፍይው ለሁለቱም ሴሚስተር ይደርስልሻል።

የመውጫ ፈተናውንም ከአሁኑ አስቢበት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ፣ የኤክስቴንሽኑም ጭምር፣ ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ከተለያዩ ዓመታት ኮርሶች ስለሚወጣ የዘንድሮውን ደብተር እንዳትጥዪ። ኮስት አካውንቲንግንም በደንብ ይዘሽ እለፊ። ተቋምሽ የግል ከሆነ ደግሞ ፈቃዱ ለዚያው ካምፓስ፣ ለዚያው የትምህርት ዓይነትና ለኤክስቴንሽን ጭምር መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሪ።

ይህን ሁሉ ሞክረሽ ለጊዜው ማረፍ ግድ ከሆነብሽ ዝም ብለሽ አትቅሪ። ሬጅስትራር ሄደሽ የማቋረጫ ቅጽ ሙዪ፤ ማህተም ያለበትን ቅጂ ቤት አስቀምጪ። ሳያሳውቁ የቀሩባቸው ኮርሶች ኤፍ ሆነው ሊመዘገቡ ይችላሉ። በቅጽ የወጣ ተማሪ ግን ሲመቸው ተመልሶ ለመግባት ማመልከት ይችላል፤ ያለፋቸውም ኮርሶች ውጤት በትራንስክሪፕቱ ላይ ይቆይለታል።